«ልጄ ሕክምናውን ትቶ ተዋናይ ልሁን አለኝ»

በዚህ ወር ስለ አንድ ተዋናይ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል፤ አንዱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከለንደን። አጭሩን ላስቀድም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ2018 ዋሽንግተን ኬኔዲ ሴንተር የሼክስፒርን ሐምሌት አይቼ ነበር። አብዛኞቹ ተዋናዮች ጥቁሮች፣ አለባበሱም የምዕራብ አፍሪካ ስለነበር «ዴንማርክ የት ገባች?» ብዬ ግራ ተጋባሁ። ሐምሌትን የተጫወተው ልጅ ግን እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። ማን ነው? ድርሰቱንስ ለውጠውት ነው?

መልስ፦ ያዩት ፓፓ ኤሲዬዱን ነው። ዝግጅቱ የሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ሲሆን አዘጋጁ ሳይመን ጎድዊን ነበር። መጀመሪያ የታየው በ2016፣ ሼክስፒር በሞተ በ400ኛው ዓመት፣ በትውልድ ከተማው በስትራትፎርድ ነው። ኤሲዬዱ ያኔ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በዚያ ኩባንያ ታሪክ ሐምሌትን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይም እሱ ነው።

ቋንቋው የሼክስፒር እንደሆነ ነው የቀረው፤ የተለወጠው የዴንማርኩ ቤተ መንግሥት መልክ ነው። ሐምሌት ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ እናየዋለን፤ ወዲያው አባቱ ሞቶ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሲደርስ ቤቱ የሚያውቀው ቤት አይደለም። እኔ ይህን ያየሁት እናንተ ዘንድ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ለንደን፣ ሃክኒ ኢምፓየር የሚባል ቲያትር ቤት ነው። ስደት ላይ ሆኖ የአባቱን መርዶ በስልክ የሰማ ሰው ያንን መግቢያ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። እኔ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ መሐረቤን ይዤ ነበር የተቀመጥኩት።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። ልጄን ለብቻዬ ነው ያሳደግሁት፤ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ እየሠራሁ። አሁን 18 ዓመት ሞልቶታል። ሕክምና የሚማርበት ቦታ ሲያገኝ እልል አልኩ፣ የማርያም ማኅበርተኞቼንም ጠርቼ ደገስኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «የድራማ ትምህርት ቤትም ተቀብሎኛል፣ የምገባው እዚያ ነው» አለኝ። ስቆጣ ስልኩን አውጥቶ ፓፓ ኤሲዬዱ የሚባል ተዋናይ አሳየኝ። «እሱም ሕክምናውን ትቶ ነው። እሱንም እናቱ ለብቻዋ ነች ያሳደገችው። አሁን የት እንደ ደረሰ እይ!» ይለኛል። እህቴ፣ የሚለው እውነት ነው? ይህስ ሥራ እንጀራ ይሆናል? ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ልጄ አዝማሪ እንዲሆን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ፣ ልጅዎ አልዋሸዎትም። ኤሲዬዱ በ1990 ለንደን ተወልዶ ያደገው ዋልተምስቶው ነው። ቤተሰቡ ከጋና የመጣ ነው። አባቱ የሞተው እሱ 14 ዓመቱ ሳለ ነው። ያሳደገችው እናቱ የፋሽንና የዲዛይን አስተማሪ ነበረች። በነፃ የትምህርት ዕድል የግል ትምህርት ቤት ተማረ፤ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ገብቶ ሕክምና ሊማር ከተዘጋጀ በኋላ ነው ሐሳቡን ለውጦ ጊልድሆል የሚባለው የለንደን የድራማ ትምህርት ቤት ለትወና የገባው።

ልጅዎ ስልኩ ላይ ያሳየዎት ግን ታሪኩን ከመጨረሻው ነው። እኔ መሐሉን ልንገርዎ። እዚህ አገር አንድ ቲያትር ቤት ውስጥ ተመልካች እያስተናገድኩ 19 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ሳለሁ ደግሞ ራሴ መድረክ ላይ ነበርኩ። መሐሉን በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ።

ኤሲዬዱ ከጊልድሆል የወጣው በ2012 ነው። በቴሌቪዥን ሰው ሁሉ ያወቀው በ2020 ነው። በመካከሉ ስምንት ዓመት አለ። ከዚያ ስምንት ዓመት ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማስበው አንድ ምሽት ነው።

በ2014 ናሽናል ቲያትር የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር አቀረበ። አዘጋጁ ሳም ሜንዴስ፣ ሊር ሆኖ የሚጫወተው ሳይመን ራስል ቢል ነበሩ፤ ሁለቱም ስማቸው የገነነ ነው። ለኤሲዬዱ የተሰጠችው ትንሽ ቦታ ነበረች። ከዚያች በተጨማሪ የኤድመንድ ተጠባባቂ ነበር። ኤድመንድ ዲቃላው ልጅ ነው፤ ወንድሙን ያሳድዳል፣ አባቱን አሳልፎ ይሰጣል፣ ጨዋታውን ግማሹን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነው። ተጠባባቂ ማለት ደግሞ ይህን ሁሉ ቃል በቃል አጥንተህ፣ የት ቆመህ በየት በኩል እንደምትወጣ፣ ሰይፉን በየትኛው እጅህ እንደምትመዝ ለይተህ አውቀህ፣ ከዚያ በየምሽቱ ባልደረባህ ጤነኛ ሆኖ ሲመጣ ደስ ብሎህ ሰላም ማለት ነው። ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ጨርሶ ላትጠራም ትችላለህ። ያጠናኸውን ማንም ሳያየው ዝግጅቱ ያልቃል።

አንድ ምሽት ጨዋታው ተጀምሮ እያለ የኤድመንዱ ተዋናይ ድምፁ ተዘጋ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተቀምጧል። ኤሲዬዱ የኤድመንድን ቦታ ይዞ ገባ፤ እስከ መጨረሻውም ተጫወተው። 23 ወይም 24 ዓመቱ ቢሆን ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ የማስበው ስለ ጀግንነቱ አይደለም። ከዚያ በፊት ስለነበሩት ምሽቶች ነው፤ ማንም ሳይጠራው መስታወት ፊት ብቻውን የኤድመንድን ቃል ሲል ስላመሸባቸው። ያንን ባያደርግ ኖሮ ያን ዕለት አፉን ከፍቶ የሚለው ባጣ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ኤድመንድን ስትራትፎርድ ላይ የራሱ አድርጎ ተጫወተው፤ ሊር ደግሞ አንቶኒ ሼር ነበር። በዚያው ዓመት ነው ሐምሌትንም የተጫወተው። ለሁለቱ ትወናዎች የኢያን ቻርልሰንን ሽልማት ወሰደ፤ ይህ ሽልማት በጥንታዊ ተውኔቶች ላይ ለሚታዩ ከ30 ዓመት በታች ለሆኑ ተዋናዮች የሚሰጥ ነው።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ቴሌቪዥን ዘሎ አልወሰደውም። እዚህም እዚያም ትንንሽ ሚና እየተጫወተ ቆይቶ በ2020 ጋንግስ ኦቭ ለንደን በሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ሚካኤላ ኮል በጻፈችው ባለ 12 ክፍል ድራማ፣ አይ ሜይ ዲስትሮይ ዩ ላይ ታየ። ኮል ጊልድሆል አብራው የተማረች ናት። እሱ የተጫወተው ክዋሜ የሚባለውን፣ ጥቃት የደረሰበትን ወጣት ነው። ክዋሜ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ የሆነበትን ለመናገር የሚሞክርበት ክፍል አለ። ማፈር የሚገባው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ የሚያፍረው እሱ ነው። ያንን ሳይ፣ ይህ ልጅ መድረክ ላይ ድምፁን እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስ ስለሚችል ነው ካሜራ ፊት ዝም ማለትን እንዲህ የቻለበት አልኩ። በ2021 ለእንግሊዙ የባፍታም ለአሜሪካው የኤሚም ሽልማት ታጨ። ቀጥሎ ላዛረስ ፕሮጀክት በሚባል የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መሪ ተዋናይ ሆነ። በ2025 በአዲሱ የሃሪ ፖተር ተከታታይ ድራማ ስኔፕ የሚባለውን መምህር እንደሚጫወት ተነገረ፤ በቆዳው ቀለም የተነሣ ብዙ ስድብ ወረደበት፣ ያሳዝናል። መድረኩን ግን አልተወም። በ2023 ናሽናል ቲያትር ተጫወተ፤ በ2024 ደግሞ ለንደን ሶሆ ውስጥ ለብቻው ቆሞ ተጫውቷል።

አሁን ወደ እንጀራው ልምጣ። ለብዙዎቹ ትወናው ብቻውን ኑሮ አይሆንም፤ ይህን ልደብቅዎ አልችልም። ከእኔ ጋር ትኬት የሚያዩት፣ አይስክሬም የሚሸጡት ልጆች ግማሾቹ ትወና ተምረው የወጡ ናቸው። አንዷ ባለፈው ክረምት በዕረፍት ሰዓቷ ዕቃ ቤት ገብታ ሸሚዟን ቀየረች፣ ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቁማ ለአንድ ማስታወቂያ ራሷን ቀረጸች፤ ከዚያ ወጥታ ሁለተኛውን ደወል ደወለች። አሁን ኦዲሽን፣ ማለትም ተዋናይ ለሚና የሚፈተንበት፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ተዋናዩ ራሱን ቀርጾ ይልካል፣ «አይሆንም» የሚል መልስ እንኳ ሳይመጣ ይቀራል። ኢክዊቲ የሚባለው የተዋናዮች ማኅበር ከቲያትር ቤቶች ጋር ተደራድሮ ዝቅተኛ የሳምንት ክፍያ አስወስኗል። ክፍያው የሚገኘው ግን ሥራ ሲኖር ነው፤ ከዚያም ላይ ሥራ የሚያፈላልግለት ኤጀንት ድርሻውን ያነሣል።

ስለዚህ ልጅዎን «ታዋቂ ትሆናለህ ወይ?» ብለው አይጠይቁት። ይህን እሱም እኔም አናውቅም። «ተጠባባቂ ሆነህ ማንም ሳይጠራህ ወራት ብትቀመጥ ደስ ብሎህ ታጠናለህ?» ብለው ይጠይቁት። ሲመልስ ፊቱን ይዩት፤ እናት ነዎት፣ ይገባዎታል።

ሌላም ማጣራት ያለብዎ ነገር አለ። የተቀበለው ትምህርት ቤት ዲግሪ የሚሰጥ ነው? ዲግሪ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሌላው ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት የተማሪ ብድር ሊያገኝ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ለአገሩ ተማሪ የተወሰነው የትምህርት ክፍያ ጣሪያ በ2025/26 የትምህርት ዘመን በዓመት 9,535 ፓውንድ ነበር። ዲግሪ የማይሰጡ የግል ኮርሶችም ስላሉ ወረቀቱን አብረው ያንብቡት። የሕክምናውን ቦታ ደግሞ ለአንድ ዓመት ያቆዩለት እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ባያቆዩለትም በሩ ለዘላለም አይዘጋም፤ ሌላ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የአራት ዓመት የሕክምና ትምህርት አለ፣ አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዲግሪ በምንም ይሁን ይቀበላሉ። ፉክክሩ ግን ብርቱ ነው።

«አዝማሪ» ስላሉት። ይህን ቃል እኔም ከአባቴ ሰምቼዋለሁ፤ በ20 ዓመቴ፣ ምሳ ላይ፣ እህቶቼ ፊት። አዝማሪ እኮ ንጉሥ ፊት እውነት የሚናገር ሰው ነበር፣ ቃሉ ስድብ የሆነው በእኛ ጥፋት ነው። የኛው ፀጋዬ ገብረ መድኅንም በመጀመሪያ የተማረው ሕግ ነው፣ ከአንድ የቺካጎ የሕግ ትምህርት ቤት። ከዚያ ቲያትር ሊማር ወደዚሁ ለንደን፣ ሮያል ኮርት ቲያትር መጣ። ሐምሌትን በአማርኛ እንድናነብ ያደረገን እሱ ነው። ጠበቃ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ማን ይሰጠን ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ላሳዝንዎ ብዬ አይደለም። የኤሲዬዱ እናት ልጇ ሐምሌትን ሲጫወት አላየችም። ያረፈችው ገና ጊልድሆል ተማሪ ሳለ ነው። ሃክኒ ላይ ያ ልጅ ስለ ሞተው አባቱ ሲናገር የተቀመጥነው ሁሉ ዝም ያልነው በትወናው ጥበብ ብቻ አልመሰለኝም።

አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን ሊያይ አልመጣም። አንድ እሑድ ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ «አባትሽ መጥተው ነበር» አለኝ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ መብራቱ ሳይበራ ወጥቷል። ቤት ስገባ ስለዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሲሥቅ ይሁን ሲያለቅስ፣ እንቅልፍም ወስዶት ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም።

ባርቢካን አጠገብ ጊልድሆል የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን ለሕዝብ ያሳያል፤ ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች እንደዚያው። ትኬቱ ርካሽ ነው። ሌሊት የማይገቡበት ቀን ሲኖር ከልጅዎ ጋር ሄደው አንድ ጨዋታ ይዩ፤ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ምን እንደሚሠሩ በዐይንዎ ይመልከቱ። እሱ ራሱ መድረክ ላይ የሚወጣበት ቀን ከመጣ ደግሞ፣ እህቴ፣ ከፊት ይቀመጡ። ለመቀመጫው እኔ አለሁልዎ፤ ሥራዬ ነው።