«ስንት ቆጠርሽ?»

ውድ የሕክምና ተማሪ ልጆቼ፣ መምህር ሲያርማችሁ እንዴት እንደምትቀበሉት ከራሴ ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ሕፃናት ክፍል ከገባን ገና ጥቂት ሳምንት ሆኖናል። በራውንድ ላይ (ከመምህር ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞርን ሕሙማንን ስናይ) የ8 ወር ልጅ ደረሰኝ። ያስለዋል፣ ትኩሳትም አለው። የሕመሙን ታሪክ አሳምሬ አቀረብኩ። እንዲያውም ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህራችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በደቂቃ ስንት ይተነፍሳል?»

«44።»

«እንዴት ነው የቆጠርሽው?»

15 ሰከንድ ቆጥሬ በ4 አባዝቼ ነበር። ሰዓታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። እዚያው፣ እናትየው ፊት፣ ጓደኞቼ እያዩኝ፣ ሙሉ ደቂቃ አስቆጠሩኝ። 56 ሆነ።

ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው። ሳል ካለው ደግሞ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ይታከማል። ሕፃን እኩል አይተነፍስም፤ ያፈጥናል፣ ቀስ ይላል፣ መልሶ ያፈጥናል። ሩብ ደቂቃ የማይበቃው ለዚህ ነው። በእኔ 44 ቢሆን ኖሮ ልጁ መድኃኒት ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይሸኝ ነበር። «ይህን ሳትቆጥሪ ነው ያማረ ታሪክ የምታወሪልኝ?» አሉኝ መምህሬ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ማታ ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። ጓደኞቼ «ሰውዬው ጥርስ ነክሶብሻል» አሉኝ፤ ደስ አለኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ እኔና ስለ መምህሩ አወራን። አልጋ ላይ ስለተኛው ልጅ ግን አንድም ቃል አላወጣንም። ይህ የታወቀኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጁ ተሽሎት ለእናቱ ሲስቅላት አየሁት፤ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። መምህር ሲያርመኝ ስህተቴን ብቻ እጽፋለሁ፣ ቁጣውን አልጽፍም። «ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ።» «ያልጠየቅሽውን ‹የለም› ብለሽ አትጻፊ።» በዚህች በሁለተኛዋ ይበልጥ አፍሬያለሁ፤ እናትን ሳልጠይቅ «ተቅማጥ የለውም» ብዬ ጽፌ ተይዤ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ሦስት አራት ቃል ይሆናል። ያልገባኝን በማግስቱ ቢሯቸው ሄጄ እጠይቃለሁ። በሩን ሳንኳኳ ልቤ ይመታ ነበር። ተቀምጠው ሲያስረዱኝ ግን ሌላ ሰው ናቸው።

ስድብ ሌላ ነው። የትውልድ ቦታችሁን፣ ቤተሰባችሁን፣ መልካችሁን የሚያነሳ መምህር እያረማችሁ አይደለም። ያንን አትቀበሉ፤ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ንገሩ።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ያረምኩት ተማሪ ፊቱ ሲለዋወጥ አያለሁ፣ አንጀቴን ይበላኛል። ቢሆንም ዝም ብዬ አላልፍም። በቅርቡ አንዱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። «ዶክተር፣ የቱ ጋ እንደሳትኩ ያሳዩኝ» አለኝ። አብረን ወደ አልጋው ሄድን። ሰዓቴን አውልቄ ሰጠሁት።