ድመት ይዞ በትንሽ ፕሌን ስለመሄድ ለጠየቅሽው

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ኮሎምበስ (ኦሃዮ) ቤተሰብ ጋ ልትሄዱ ነው፣ የባለቤትሽ ጓደኛ በራሱ ባለ አራት ወንበር ፕሌን ሊወስዳችሁ ነው፣ ድመትሽን የሚይዝልሽ ሰው ጠፋ፣ ይዣት ብሄድ ምን ትሆናለች ነው ያልሽው አይደል? ኮመንት ላይ «ጆሮዋ ይፈነዳል» «በድንጋጤ ትሞታለች» ያሉሽን ተያቸው። እኔ የፕራይቬት ላይሰንስ (ለራስ እንጂ ለንግድ ያልሆነ የማብረር ፈቃድ) አለኝ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ከማናሳስ እየተነሳሁ ሴስና 172 የምትባለዋን ባለ አራት ወንበር ትንሽ ፕሌን ነው የማበረው፣ ሚጢ የምትባል ድመት አለችን እሷንም ይዘናት ነው የምንሄደው፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ግን ድመቷ ከኬሪየሯ (ከመያዣ ሳጥኗ ወይም ቦርሳዋ) አትወጣም። ብታለቅስም አትወጣም፣ አንጀትሽን ብትበላውም አትወጣም፣ «ትንሽ ጭኔ ላይ ትቀመጥ» ብሎ ነገር የለም። ኢንስታግራም ላይ መስታወቱ ስር ተጋድማ ደመና የምታይ ድመት አይተሽ ይሆናል፣ እሱን እርሺው። ድመት ስትደነግጥ የምትሮጠው ወደ ጨለማና ጠባብ ቦታ ነው፣ እዛች ፕሌን ውስጥ ደግሞ ጨለማና ጠባቡ ቦታ ፓይለቱ እግር ስር ፔዳሎቹ ጋ ነው። የጅራቱ መሪ የሚዞረው በነዛ ፔዳሎች ነው፣ ፍሬኑም እነሱ ላይ ነው ያለው፣ እና ሰውዬው ሊያርፍ ሲል እዛ ስር ድመት ከተወሸቀችበት ጎንበስ ብሎ እሷን ይጎትት ወይስ ፕሌኑን ያሳርፍ? ቦርሳው ዚፕ ያለው ከሆነ ሚጢ በአፍንጫዋ እየገፋች ነው የምትከፍተው፣ ስለዚህ የዚፑን ጫፎች በመርፌ ቁልፍ አያይዣቸው። ኬሪየሩ የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ይታሰር፣ አንቺም አጠገቧ ሁኚ። ስትደርሱም ሞተሩ ጠፍቶ ፕሮፔለሩ ቀጥ ሳይል በር አይከፈትም።

ድምፁን በተመለከተ አዎ ይጮሃል፣ ውስጡ ወደ 90 ዴሲቤል ይሆናል ለዛ ነው ሁላችንም ሄድሴት የምናደርገው። ኦንላይን ለእንስሳ የሚሆን የጆሮ መሸፈኛ ይሸጣል፣ ለውሻ ይሆን ይሆናል፣ ሚጢ ግን ወዲያው በእግሯ አሽቀንጥራ ነው የጣለችው፣ ጥጥ ደግሞ እንዳትወትፊባት። እኛ የምናደርገው ጋቢ አጥፈን ኬሪየሩ ላይ መጣል ነው፣ አየር እንዲገባ አንዱን ጎን ክፍት ትተን። ሞተር ሲነሳና መሬት ላይ ስንሄድ ታለቅሳለች፣ አየር ላይ ከወጣን በኋላ ግን ድምፁ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ነው መሰለኝ ኩርምት ብላ ትተኛለች።

ጆሮዋን የሚያስቸግራት ስትወጡ ሳይሆን ስትወርዱ ነው። የበረራ ከፍታ በአቅጣጫ ስለሚወሰን፣ ወደ ኮሎምበስ ደግሞ ምዕራብ ስለሆነ፣ ጓደኛችሁ 6,500 ወይም 8,500 ጫማ ላይ ነው የሚሄደው፣ 6,500ን እንዲመርጥ ንገሪው፣ ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላንም ውስጡ ያለው አየር እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ድረስ ስለሚሳሳ እዛ ላይ ኦክስጅን አነሳት ብለሽ አትጨነቂ። ሲወርድ ግን በደቂቃ ከ300 ጫማ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ማለት ለመድረስ 30 ማይል አካባቢ ሲቀረው ጀምሮ ቀስ እያለ ይውረድ። ለሰው አዛጋ፣ ማስቲካ አኝክ ትይዋለሽ፣ ለሷ ግን በኬሪየሩ ፍርግርግ በኩል የሚላስ ነገር እየሰጠሽ እንድትውጥ ማድረግ ነው። ለዚህ ስትይ ጠዋት ብዙ አታብያት፣ ከመነሳታችሁ ሶስት አራት ሰዓት በፊት ትንሽ ትብላ በቃ፣ ከስሯም የሽንት ፓድ አንጥፊላት።

መድሃኒት የጠየቅሽውን ሐኪሟ ነው የሚወስነው። ለኛ ጋባፔንቲን የሚባል የሚያረጋጋ መድሃኒት ነው ያዘዘልን፣ ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞክራችሁ እዩ አለን፣ ልክ ነው፣ አየር ላይ ሆኖ ምን እንደሚያደርጋት ማየት አይመችም። ከቤት የሰው መድሃኒት አንስተሽ እንዳትሰጪ አደራ።

ሌላው ሰው የማያስበው ማሞቂያው ነው። በነዚህ ፕሌኖች ሙቀቱ የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ከሚያልፍ አየር ነው፣ እሱ ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽታ የለው ቀለም የለው። ጓደኛችሁን ይሄን ጋዝ የሚያሳውቅ ዲቴክተር አለህ ወይ በሉት፣ ከሌለው ራሳችሁ ገዝታችሁ ያዙ፣ ይሄ ለድመቷ ብቻ አይደለም።

ደግሞ የፋሲካ ጉዞ ነውና ዕቃችሁን አውቃለሁ 😄 ድፎው፣ በርበሬው፣ ለእማማ የተገዛው ብርድ ልብስ። 172 ከሆነ ነዳጁ ሙሉ ሲሆን ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው ወደ 250 ኪሎ ነው፣ አራት ትልልቅ ሰው ከነሻንጣው አይችልም፣ ሁሉም በሚዛን ይለካ ድመቷም ከነኬሪየሯ። ገንዘብ ደግሞ ልክፈልህ አትበሉት፣ በፕራይቬት ላይሰንስ አይፈቀድለትም፣ የነዳጁን ድርሻችሁን መካፈል ግን ይቻላል።

ጥሩው ነገር ኤርፖርቱ ትንሽ ስለሆነ ያ ፍተሻ የለም፣ ትልቁ ኤርፖርት ድመቷን ከኬሪየር አውጪ ይሉሽ ነበር እሱ ነው ከበረራው የሚብሰው። የራቢስ (የእብድ ውሻ በሽታ) ክትባት ወረቀቷን ግን ያዢ።

ጠዋት በማለዳ ተነሱ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይ መሬቱን ሲያሞቀው ይንገጫገጫል፣ መሃል ላይ ያሉት የዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ደግሞ ነፋስ ሲመታቸው ከባድ ነው። ሰውዬው የተራሮቹ አናት ላይ ነፋሱ ከ25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ነው ዛሬ አንሄድም ካለ አትለማመጡት፣ በመኪና ስድስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ በፕሌኑም ነፋሱ ከፊት ስለሚሆን ሶስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል።

ለመሆኑ ድመትሽ ምን ዓይነት ናት? ፊቷ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ እንደነ ፐርሺያን፣ በደህናውም ቀን ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እንደዛ ከሆነች ሐኪሟን ሳትጠይቂ እሺ እንዳትይ። ፎቶዋን ብትለጥፊ ደግሞ ደስ ይለናል።