የተሰበረ ፓራውልት (ባምፐር)፦ ይቀባ ወይስ ስቲከር ይለጠፍበት? (ጥያቄና መልስ)

አስተባባሪ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ባለ መኪኖች፣ ዛሬ ማታ ጥያቄ የሚቀበለው ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ ያለው ቀለም ቀቢያችን ነው። ስለ ሞተር አትጠይቁት።

መልስ ሰጪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፎቶ ሳትልኩ «ምን ይሻላል» አትበሉኝ። ፎቶው ከውጭም ከውስጥም ይሁን።

ባለ ቪትዝ (ደሴ)፦ ሐረጎ ላይ አይሱዙ የኋላ ፓራውልቴን ነካው። ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ቀለሙም ተልጧል። ቀቢው «ስቱኮ አድርጌ እቀባዋለሁ» አለኝ፤ ጓደኛዬ ደግሞ «ስቲከር ለጥፍና ተገላገል» ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ማንንም አትስማ፣ መጀመሪያ ስንጥቁ ይሠራ። ስቲከር ጉዳት አይሸፍንም። ውፍረቱ እኮ ጥሩው 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ርካሹም 0.1 ገደማ ነው። ከሥሩ የቀረች የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ከላይ ጎልታ ትታያለች። ስንጥቅ ላይ ከለጠፍከው ደግሞ መንገዱ ባንቀጠቀጠህ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስቲከሩም በዚያው መስመር ይቀደዳል።

አሁን ፓራውልቱን አውልቅና ጀርባውን እይ። ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ምልክት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ፒፒ» (PP) ወይም «ፒፒ+ኢፒዲኤም» (PP+EPDM) ይላል፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው ማለት ነው። ይሄ ፕላስቲክ ምንም ነገር አያስጠጋም። ውሃ ጠብ አድርግበት፣ ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል እንጂ አይዘረጋም። ቀለምም እንደዚሁ ነው የሚሸሸው። ብዙዎቹ ቀቢዎቻችን እጃቸውን የፈቱት ላሜራ ላይ ስለሆነ ለበር የሚያደርጉትን ስቱኮ ፓራውልት ላይ ይደፉታል። ያ ስቱኮ ከደረቀ ድንጋይ ነው፤ ፓራውልት ግን ሲነካ ገባ ብሎ ይመለሳል። ስቱኮው ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ከዚያ «ቀለሙ ፎርጅድ ነው» ይባላል። ቀለሙ ምን በደለ?

ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ቅባቱ ይለቃል። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለህ። መስመሩን በቪ ቅርጽ ትከፍተውና በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ትበይደዋለህ፣ ፒፒን በፒፒ። ከጀርባው የብረት መረብ አቅልጠህ ታስገባለታለህ። ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ፣ የሚለመጥ ስቱኮ በስሱ ትቀባና በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ጀምረህ በ320 ትጨርሳለህ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘላት ደረጃ ትመጣለች፦ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ቀለሙ ፕላስቲኩን እንዲይዝ ከሥር የሚነፋው። ባዶ ፕላስቲክ የታየበት ቦታ ሁሉ በስሱ ይነፋል። ከዚያ በኋላ ነው መደበኛው ፕራይመር፣ ቀለም፣ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚነፋው ቀለም አልባ ሽፋን)። ቀቢህን «የፕላስቲክ ፕራይመር አለህ? ቆርቆሮውን አሳየኝ» በለው። ካቅማማ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦ የፊት ፓራውልት ማስቀባት ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ፎቶ።

እህት ከገራዶ፦ መኪናዬ አዲስ የኤሌክትሪክ ናት። ፕላስቲኩ አልተሰበረም፣ ጥጉ ላይ ጭረት ብቻ ነው። ስቲከር ይሻላል አሉኝ።

መልስ፦ አብሽሪ፣ ያንቺ ቀላል ነው። ጥፍርሽን ጭረቱ ላይ አሳልፊ። ካልያዘሽ ክሊሩ ብቻ ነው የተነካው፣ በፖሊሽ ይወጣል፤ ቀለምም ስቲከርም አያስፈልግሽም። ከያዘሽ ግን ጭረቱ ተሞልቶ ይስተካከል፣ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ። አደራ የምልሽ፣ ክብ ክቦቹ የፓርኪንግ ሴንሰሮች ላይ ስቲከር እንዳያልፍ፣ ቀለምም እንዳይደራረብባቸው። ከፓራውልቱ ጀርባ ራዳር ካለ እሱ ፊት ለፊት ስቱኮ አይደረግም፤ የብረት ብናኝ ያለበት ቀለምና የሚያብለጨልጭ ስቲከርም ያሳውሩታል።

ባለ ኮሮላ፦ ነጭ ያው ነጭ ነው። የእኔን ቀብተውት ከበሩ ጋር አልገጥም ያለው ለምንድነው?

መልስ፦ ነጭ ያው ነጭ አይደለም! ቶዮታ ላይ የበሩ ምሰሶ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ሳህን እይ፤ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው አጠገብ ቁጥር አለ። 040 ከሆነ ደረቅ ነጭ ነው፣ ይገኛል። 070 ከሆነ ግን የዕንቁ ነጭ ነው፣ ሦስት ደረጃ አለው፦ ከሥር ነጭ፣ መሀል ዕንቁው፣ ከላይ ክሊር። መሀለኛውን አንድ ጊዜ አብዝተህ ከነፋህ ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ በቁራጭ ፕላስቲክ ተሞክሮ፣ ፀሐይ ላይ ከበሩ ጋር ተያይቶ ነው የሚቀባው። በአምፖል ብርሃን ቀለም ያዛመደልህ ሰው አላዛመደልህም።

ባለ ዶልፊን፦ ለዚህ ነው ደሴ ላይ አታስቀቡ የምለው። ቀቢ ያለው ኮምቦልቻ ነው።

ከሆጤ፦ ኧረ በአላህ! ያንተን ዶልፊን ያንን ሰማያዊ የቀባው የት ሰፈር ነው? እኛ ነን ያላየነው?

ባለ ዶልፊን፦ እሱን የቀባው ወንድሜ ነው፣ ጋራዥ አይደለም።

ከሆጤ፦ ይታያል።

መልስ፦ ተዉ እንጂ። ጉዳዩ የሰው ሳይሆን የአየሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ክረምት ላይ ደሴ ጭጋግ ወርዶ ሲቀባ ክሊሩ ይደበዝዛል፣ ወተት ይመስላል። ስቲከርም ከ16 ዲግሪ በታች ድርቅ ይላል፣ አይለመጥም፣ ማጣበቂያውም አይነክስም። ደሴ ያለ ሰው በበጋ፣ ከረፋዱ በኋላ፣ በር የተዘጋበት ቤት ውስጥ ካሠራ ሥራው አይከፋም። ሌላም አለ፤ ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምረዋል። ብርዱ አያታላችሁ፣ ርካሽ ስቲከር ደሴ ላይ ቶሎ ይነጣል።

አዲስ አባል፦ ስቲከር ስንጥቅ ይሸፍናል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

አባት ከኮምቦልቻ፦ የእኔ ላንድክሩዘር 70 ነው። የፊት ፓራውልቱ ዝጓል።

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ብረት ነው፤ የፕላስቲኩ ጣጣ አይመለከትዎትም። ዝገቱ እስከ ብረቱ ይፋቅ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ ከዚያ ቀለም። ዝገት ላይ ስቲከር እንዳያስለጥፉ፣ ከሥር ሆኖ ይበላዋል።

ባለ ቪትዝ፦ ፎቶ ልኬያለሁ። ስቲከር ጭራሽ አይረባም ማለትህ ነው?

መልስ፦ አላልኩም። ፕላስቲኩ ጤነኛ ሆኖ ቀለሙ ከደበዘዘ፣ ወይም መልኩን ለጊዜው ቀይረህ በኋላ ልትመልሰው ከፈለግህ ስቲከር ጥሩ ነው። ጥራት ያለውን ግዛ፤ ርካሹ ጥጉ ላይ ተወጥሮ ይለጠፍና ከጊዜ በኋላ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። የሚነሳ ቀለም ላይ አትለጥፍ፣ ስታነሳው ቀለሙን ይዞት ይመጣል። ፎቶህን አየሁት፤ መያዣ ጆሮው ተገንጥሏል። እሱ ብየዳ አይበቃውም፣ ያገለገለ ፓራውልት ፈልግ።

ከፒያሳ፦ ቀብቼው ከላይ ስቲከር ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ቀለሙ ይተንፍስ። ሦስት ሳምንት ያህል ሳይቆይ ከተለጠፈ ከሥር አረፋ ይሠራል።

ሌላ አባል፦ ሙሉ መኪናውን በጥቁር ስቲከር ብለብጥ ትራፊክ ይይዘኛል?

መልስ፦ ሊብሬህ ላይ ቀለም ተጽፏል። መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፣ እኔ ቀቢ ነኝ።

ከቧንቧ ውሃ፦ ፎቶ የለኝም፣ በግምት እንኳ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ የማላየውን አልገምትም።

እህት ከገራዶ፦ ከተለጠፈ በኋላ ላቫጆ መቼ ልውሰዳት?

መልስ፦ ሁለት ቀን ቆይተሽ። የውሃውን ግፊት ግን ጠርዙ ላይ እንዳያነጣጥሩ ቆመሽ አሳዪአቸው፤ ስቲከር የሚነሳው ከጠርዙ ነው። ለዛሬ ይብቃን፣ ፎቶ የላካችሁትን ነገ ከምሳ በኋላ አያለሁ።