አንድ ሬድ ዶት (በመስታወቱ ላይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ለሽጉጥም ለካርባይንም (ለአጭር ጠብመንጃ) ይሆናል ወይ ላልከው

አይሆንም። እየፈታህ ከአንዱ ወደ ሌላው ባዘዋወርከው ቁጥር እንደገና በተኩስ ማስተካከል አለብህ፤ የቆጠብከው ገንዘብ በጥይት ያልቃል። በጀትህ ለሁለት ካልበቃ የካርባይኑን አስቀድም።

እዚያ ርካሹም ይሠራል። ሲግ ሮሚዮ 5 ወይም ሆሎሰን 403 በቂ ነው። ነጥባቸው 2 ኤምኦኤ (የነጥብ መጠን የሚለካበት የማዕዘን አሃድ) ነው፤ በ100 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል።

የሽጉጡ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ማነጣጠሪያው ስላይዱ (ሲተኮስ ወደኋላ የሚንሸራተተው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል) ላይ ስለሚታሰር በእያንዳንዱ ተኩስ አብሮ ወደኋላ ይወረወራል። ለኤርሶፍት (የፕላስቲክ ጥይት ለሚተኩስ የጨዋታ መሣሪያ) የተሠሩትን በጭራሽ አትግዛ፣ ምታቱን አይችሉም። ከመክፈልህ በፊት እነዚህን እይ፦

1. የስላይድህን የብሎን ቀዳዳ አቀማመጥ። ሆሎሰን 507ሲ አርኤምአር ለተባለው የትሪጂኮን ሬድ ዶት በተሠራው የቀዳዳ አቀማመጥ ላይ ይገባል፤ ትንሹ 507ኬ ግን እዚያ አይገጥምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።
2. ባትሪው ከጎን ወይም ከላይ ይቀየር። ከሥር ከሆነ ባትሪ ለመለወጥ ሁሉንም መፍታት ነው።
3. ነጥቡ ከ3 እስከ 6 ኤምኦኤ ቢሆን ዓይን ቶሎ ያገኘዋል።

አንድ ደጋግሜ ያየሁት ነገር፦ ነጥቡ እንደ ኮከብ ተበታትኖ ሲታያቸው «ተበላሽቷል» ብለው ዕቃውን የሚመልሱ አሉ። መሣሪያው ባዶ መሆኑን አረጋግጥና በመስታወቱ በኩል በስልክህ ፎቶ አንሳው። ፎቶው ላይ ክብ ሆኖ ከወጣ ችግሩ የዓይንህ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) ነው፤ ውዱን ብትገዛም ያው ይበተንብሃል። መጀመሪያ ብርሃኑን ቀንሰህ ሞክር።