ሙያውን ልተው ወይስ ክሊኒኩን?

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ እህቴ። ፒያሳ አካባቢ ባለ የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት ስትሠሪ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። አማልጋሙን፣ ማለት ከሜርኩሪና ከብረት ዱቄት የሚዋሃደውን የጥርስ መሙያ፣ በትንሽ ሙቀጫ በእጅሽ ትለውሻለሽ፤ የመንገዱን አቧራ ፈርታችሁ መስኮት አትከፍቱም። የወር አበባሽ ከተዛባ አምስት ወር ሆኖታል፤ ከባለቤትሽ ጋር ደግሞ ዘንድሮ ልጅ አስባችኋል። «ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፌ የያዝኩትን ሙያ ልተወው ወይ?» ብለሻል።

አትተዪው። መለወጥ ያለበት አሠራሩ ነው። እሱ አልለወጥም ካለ ክሊኒኩን ትቀይሪያለሽ።

ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ የቀለበትሽ ነገር ነው። ጓንት ስታደርጊ አውልቀሽ ከሙቀጫው አጠገብ የምታስቀምጪው የጋብቻ ቀለበት ነጭ ነጠብጣብ አወጣ፣ ወርቅ ሠሪውም «ሜርኩሪ ነክቶት ነው» አለሽ። ልክ ብሏል፤ ሜርኩሪና ወርቅ ሲገናኙ ይዋሃዳሉ። እንግዲህ ጠረጴዛችሁ ላይ ሜርኩሪ ይፈሳል ማለት ነው። የፈሰሰው ደግሞ በክፍሉ ሙቀት እየተነነ አየር ውስጥ ይገባል። ተኑ ሽታም ቀለምም የለው፣ ተራ ማስክ አያስቀረውም፤ ወደ ሳንባ ከገባው 80 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ያልፋል።

ሜርኩሪ በታይሮይድ ዕጢና በአንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ ይጠራቀማል። ፒቱታሪ ታይሮይዱንም ኦቫሪውንም (የሴት እንቁላል ማምረቻውን) የሚያዘው ዕጢ ነው፤ ስለዚህ ስጋትሽ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ የጥርስ ሕክምና ረዳቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። በሳምንት 30 እና ከዚያ በላይ አማልጋም የሚያዘጋጁና የሜርኩሪ አያያዛቸው የተበላሸ ሴቶች በየወሩ የማርገዝ ዕድላቸው አማልጋም ከማይነኩት 63 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት በሚነኩት ላይ ግን ቅናሹ አልታየም። አትተዪው ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ ጉዳቱን የሚወስነው መጠኑና አያያዙ ነው።

ሆኖም የወር አበባን የሚያዛባ ብዙ ነገር አለ። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ቀጥሎ የታይሮይድ (ቲኤስኤች) ምርመራ አድርጊ። የማህፀን ሐኪሟ ፊት ስትቀርቢ «ክሊኒክ ነው የምሠራው» ብለሽ እንዳታልፊው፤ «ሜርኩሪ በእጄ እለውሳለሁ» በያቸው። ለሥራ ቦታ ሜርኩሪ የሚታየው ሽንት ነው። ፀጉር ከዓሣ የሚመጣውን ዓይነት ስለሚያሳይ ገንዘብሽን አታባክኚበት። ንክኪው ሲቆም ከሰውነት ውስጥ ግማሹ በሁለት ወር ገደማ ይወጣል። ተኑ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ፣ እርግዝናውን ጥቂት ወራት ስለማቆየት ከሐኪሟ ጋር ተማከሪ።

ከዶክተሩ ጋር የምትነጋገሪው በሽተኛ በሌለበት ሰዓት፣ ለብቻችሁ ይሁን። «ዶክተር፣ ሙቀጫውን ትተን በማሽን የሚዋሃደውን ካፕሱል እንግዛ፤ መስኮቱንም ከሥራ በፊትና በኋላ እንክፈተው» በያቸው። የፈሰሰውን በመጥረጊያ መጥረግ የለም፤ መበተን ነው። በሁለት ጠንካራ ካርቶን ሰብስቢው፣ በሲሪንጅ ምጠጪው፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይቀመጥ። የአማልጋም ትርፍራፊ ወደ ማቃጠያም፣ ዕቃ በእንፋሎት ወደሚመክንበት አውቶክሌቭም አይገባም። ዶክተሩ ወጪ ነው ካሉ፣ የሠራተኛን ጤና መጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪ ግዴታ መሆኑን በትሕትና አንሺላቸው።

ለሙያሽም የሚበጀው ወደዚያው መሄድ ነው። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2025 ጄኔቫ ላይ የጥርስ አማልጋም እስከ 2034 እንዲያበቃ ተስማምተዋል። ነገ የሚፈለገው ሜርኩሪ በሌለባቸው መሙያዎች፣ በኮምፖዚትና በግላስ አዮኖመር፣ ላይ እጇ የፈጠነ፣ ጥርሱን ከምራቅ የሚለየውን የጎማ ሽፋን (ራበር ዳም) ማሰር የምታውቅ ረዳት ናት። ሌላ ክሊኒክ ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ደመወዙን ከመጠየቅሽ በፊት አማልጋም የሚዘጋጅበትን ክፍል አሳዩኝ በይ። አላሳይም ያለ ቤት መልሱን ሰጥቶሻል።

ቀለበቱን ቤት ተዪው። ወርቅ ሠሪው «በእሳት ላጥራልሽ» ቢል እምቢ በይ፤ ሲሞቅ የሚወጣው ያው ተን ነው፣ አንቺም እሱም ትተነፍሱታላችሁ።