የቱ ጣት የማን እንደሆነ ታብሌቱ ያውቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር በአንድ ታብሌት ላይ የኳስ ጨዋታ እንጫወታለን። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ጣታችንን እናንሸራትታለን። ሰሞኑን «እማዬ፣ የቱ ጣት የኔ፣ የቱ ያንቺ እንደሆነ በምን ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ድሮ ሥራ ቦታ የነበረን ባለ ተች ማሽንም ትዝ አለኝ። በሁለት ጣት ከነካነው ጭራሽ ያልነካነውን ቦታ ነበር የሚመርጠው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ልጅዎን አመስግኑልኝ። የስልክና የታብሌት ስክሪን ስፈታና ስገጥም 14 ዓመት ሆኖኛል። ሰው ሁሉ የሚያመጣልኝ ጥያቄ «ተቹ ለምን እምቢ አለ?» ነው። ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው።

አጭሩ መልስ፣ አያውቅም። የማን ጣት እንደሆነ ቀርቶ ጣት መሆኑንም አያውቅም። የሚያየው በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት አይምታታበትም? እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ሁለት ቦታ መነካቱን ማየት ነው። ሌላው ቅድም እዚያ የነበረው ጣት አሁን የትኛው እንደሆነ ማስታወስ ነው።

ከድሮው ማሽን ልጀምር፤ እሱ ከገባን ሌላው ይቀላል። እንደነገሩኝ ከሆነ በግፊት የሚሠራው ዓይነት ይመስለኛል። እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ ብርሃን የሚያሳልፉና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት አለ። ሲጫኑት የላይኛው ጎበጥ ብሎ የታችኛውን ይነካል። ቮልቴጁ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በተነካው ቦታ ያለው ቮልቴጅ ርቀቱን ይናገራል። ግማሽ ከሆነ መሃል ነው። አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች ይለካል። ሁለት ቁጥር፣ አንድ ነጥብ። ሁለት ቦታ ሲነካም የሚደርሰው ያው ሁለት ቁጥር ነው፤ የሁለቱ ንክኪዎች ቅልቅል ሆኖ። ስለዚህ ነጥቡ በጣቶቹ መካከል ያርፋል። ማሽናችሁ አልተበላሸም ነበር። ሁለተኛውን ጣት የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረው ነው።

አሁን ወደ ታብሌቱ። ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታዩ ስስ መስመሮች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ነገር ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ነገር ብዙ የለም። ግማሾቹ መስመሮች ወደ ጎን፣ ግማሾቹ ወደ ታች ይሄዳሉ። እንደ ድርና ማግ ይተላለፋሉ፣ ግን አይነካኩም። በተላለፉበት በእያንዳንዱ ቦታ ትንሽዬ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅም ነገር ይፈጠራል። የመያዝ አቅሙ የሚለካው በፒኮፋራድ ነው፤ አንድ ፒኮፋራድ ማለት የአንድ ፋራድ ትሪሊዮንኛ ነው። ሰውነታችን ውሃና ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣት ሲጠጋ በሁለቱ መስመሮች መካከል ከነበረው የኤሌክትሪክ መስክ የተወሰነውን ወደ ራሱ ይስባል። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገረው ቻርጅ ይቀንሳል። መጫን አያስፈልግም። ጥፍር ብቻውን ወይም ወፍራም ጓንት የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር አለካኩ ላይ ነው። ስክሪኑን የሚቆጣጠረው ቺፕ በአንድ ረድፍ (ወደ ጎን በሚሄድ መስመር) ላይ ምልክት ይልካል፣ በዓምዶቹ (ወደ ታች በሚሄዱት) ሁሉ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ረድፍ። ረድፎቹ 30፣ ዓምዶቹ 17 ቢሆኑ 510 መገናኛዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። ይህን ሁሉ በሰከንድ 60፣ 120 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ይደጋግማል። ቻርጁ የት ምን ያህል እንደቀነሰ በሚያሳየው በዚህ የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ጣት እንደ ጉብታ ይታያል። መሃሉ ከፍ፣ ዙሪያው ዝቅ ያለ። ሁለት ጣት ሁለት ጉብታ፣ አሥር ጣት አሥር ጉብታ ነው። መስመሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ቦታው ግን ከአንድ ሚሊሜትር በታች ይታወቃል። አንድ ጣት ብዙ መገናኛዎችን በአንዴ ስለሚሸፍን ቺፑ የጉብታውን መሃል በስሌት ያገኛል። ይህ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

እያንዳንዱን መገናኛ ለየብቻ መለካት ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ከዓመታት በፊት በያዝኩት ስልክ ነው። ያ ስልክ የሚለካው መገናኛዎቹን ሳይሆን እያንዳንዱን መስመር በጥቅሉ ብቻ ነበር። ሁለት ጣት ሲያርፍበት ሁለት ረድፍና ሁለት ዓምድ «ተነካሁ» ይላሉ። ሁለት ረድፍና ሁለት ዓምድ ግን አራት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱ እውነተኛ፣ ሁለቱ ጥላ ናቸው። ካርታ በሁለት ጣት ሳዞር፣ ጣቶቼ አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ነጥቦቹ ቦታ ይቀያየሩና ካርታው ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ከአዲስ አስጀመርኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። ችግሩ ሶፍትዌሩ አልነበረም። ዳታው ራሱ ጎዶሎ ነበር።

ወደ ልጅዎ ጥያቄ እንመለስ። በጉብታ ላይ ስም አይጻፍም። ሶፍትዌሩ ለመጀመሪያው ንክኪ 0፣ ለሁለተኛው 1 ብሎ ቁጥር ይሰጣል። ቀጣዩ ሰንጠረዥ ሲመጣ፣ አዲሶቹን ጉብታዎች ከቅድሞቹ ጋር ያስተያያል። ቅርብ ለቅርብ ያለው ያንኑ ቁጥር ይወርሳል። በሰከንድ 120 ጊዜ ከተለካ በሁለት ሰንጠረዦች መካከል ያለው 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሮጥ ጣት እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የልጅዎ ጣት ከእርስዎ ጣት በጣም ስለሚርቅ አይምታታም። ከዚያ ጨዋታው የራሱን ደንብ ይጨምራል፤ ለምሳሌ ከላይኛው ግማሽ የጀመረ ንክኪ የላይኛው ተጫዋች ነው ሊል ይችላል። ለታብሌቱ የእሷ ጣት ማለት የተነሳበት ቦታና የመጣበት መንገድ ነው።

ነገሩ አዲስ ከመሰላት፣ ኢ. ኤ. ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ጣትን በኤሌክትሪክ የሚያይ ስክሪን በጽሑፍ ያቀረበው በ1965 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ብዙ ጣት የሚለየውን ደግሞ ኒሚሽ ሜህታ በ1982 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሠራው። የሱ ግን ከመስታወት ጀርባ በተተከለ ካሜራ ነበር።

ሁለታችሁም በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ታብሌቱ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሴቲንግ ውስጥ ስለ መሣሪያው የሚገልጸውን ገጽ ይክፈቱና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ይንኩ። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚባል ገጽ ይመጣል። እዚያ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን ያብሩት። እያንዳንዱ ጣት መስመር እየተወ ይሄዳል። ከላይ በግራ ጥግ አሁን ስንት ጣት እንዳረፈ ይቆጥራል። ስንት ድረስ እንደሚደርስ ትሞክር። ከዚያ የእርስዎንና የእሷን ጣት ሳታነሱ ቀስ ብላችሁ አጠጋጉ፣ ጎን ለጎን እስኪጣበቁ ድረስ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ጉብታዎች ተዋህደው ቆጠራው ወደ አንድ ሊወርድ ይችላል። ቀስ ብላችሁ አለያዩዋቸው። የእሷ መስመር ከየትኛው ጣት ጋር እንደቀጠለ እሷው ታይ።