ስለ ናሙናው ለጠየቅከው ወንድም

ወንድሜ፣ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ። ጠዋት የጻፍከውን አይቼ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ነው የምመልስልህ፣ ጊዜ የለህምና። እንደጻፍከው ሚስትህ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ተገላግላ ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመጡ ባለሙያዎች «ከሕፃኑ አካል በመርፌ ናሙና እንውሰድ፣ የሞተበትን ምክንያት እንነግራችኋለን» ብለው ፈቃድ ጠየቁህ፤ አባትህ ደግሞ «ጀናዛ አይነካም» አሉ። አንተም ምን ላድርግ ብለሃል። ፍቀድ። እኔ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ፣ አንዱን ምክንያቱን ሳላውቅ፣ ሁለተኛውን አውቄ። ልዩነቱን ስለማውቀው ነው እንዲህ በድፍረት የምነግርህ።

1. መጀመሪያ ሚስትህን ጠይቃት። ጽሑፍህ ውስጥ የአባትህ፣ የአጎትህ፣ የአንተ ሐሳብ አለ፣ የእሷ የለም። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ባለቤቴ ከዘመዶቹ ጋር ኮሪደር ላይ ሲመክር ነበር፤ ነገሩን የሰማሁት ፈቃድ ልትጠይቅ ከመጣችው ልጅ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብላ ቅጹን እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ፣ ያልገባኝን ደግማ አስረዳችኝ፣ እምቢ ብትይ ሕክምናሽ ላይ የሚቀየር ነገር የለም አለችኝ። እናቱ እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ፤ ባለቤቴም መጥቶ ፈረመ።

2. የሚቆረጥ፣ የሚከፈት ነገር የለም። አባትህ በሐሳባቸው ያለው የድሮው የአስከሬን ምርመራ ነው፣ ሰውን ከላይ እስከ ታች የሚከፍተው። ይሄ እንደዚያ አይደለም። በመርፌ ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጎል ቅንጣት ይወስዳሉ፤ ደምና የጀርባ ፈሳሽ ይቀዳሉ፤ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ በጥጥ ጠርገው ይወስዳሉ፤ ሞቶ ለተወለደ ልጅ ደግሞ የእንግዴ ልጁንም ያያሉ። ይመዝኑታል፣ ይለኩታል፣ ፎቶም ያነሱታል፤ ፎቶውን አስቀድሜ ስለምነግርህ በኋላ አትደንግጥ። አማቴ ገላውን ስታጥብ መርፌው የገባበትን ፈልጋ ያገኘችው ደረቱ ላይ ቁንጫ የነከሰው የሚመስል ነጥብ ነው። ጊዜውንም አትፍራ። ናሙናው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ነው የሚመረጠው፤ አስከሬን በቆየ ቁጥር የተገኘው ጀርም ልጁን የገደለው ይሁን ከሞተ በኋላ የገባ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ እነሱም እንደናንተው ነው የሚቸኩሉት።

3. አባትህን ብቻህን አትከራከራቸው። የሚያከብሩትን ሼኽ ጥራና ባለሙያዎቹ ባሉበት ሼኹ ራሳቸው ይጠይቁ። እኛ ቤት ሼኹ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ አካሉ ይጎድላል ወይ፣ ጥቅሙስ ለማን ነው። ጥቅሙ ለሚቀጥለው ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ሐጃ ነው፣ የሚያስፈልግ ጉዳይ ነው፣ ይሁን አሉ፤ አማቴም ዝም አለች።

4. ስልክ ቁጥር ሁለት አስመዝግብ፣ አንዱ የሚስትህ ይሁን። ውጤቱ ወራት ይፈጃል፤ በመሐል ሲም የሚቀይር፣ ቤት የሚቀይር ብዙ ነው። ቤታችሁ መጥተው ስለ እርግዝናው፣ ስለ ምጡ፣ የት የት እንደሄዳችሁ አንድ በአንድ የሚጠይቁም አሉ። እሱን አትሽሹ። የናሙናው ውጤት ከዚያ ጋር ተገናዝቦ ነው የማሕፀንና የሕፃናት ሐኪሞች፣ የፓቶሎጂና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አብረው ተቀምጠው «ልጁን የገደለው ይሄ ነው፣ ወደዚያ የመራው ደግሞ ይሄ ነው» ብለው የሚወስኑት።

አምስተኛው የኔ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያውን ልጅ ያጣሁት ድሬዳዋ እንኖር በነበረበት ጊዜ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ወለድኩ። ልጁ አላለቀሰም። ጠቅልለው ለባለቤቴ ሰጡት፣ «አትግለጠው፣ ቶሎ ቅበሩት» አሉት። እሱም የተነገረውን አደረገ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቅ የተመለሰልኝ «የአላህ ሥራ ነው፣ ገና ልጅ ነሽ ትወልጃለሽ» የሚል ነው። የአላህ ሥራ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። የጠየቅኩት ሌላ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የተባለብኝን ልንገርህ? በእኩለ ቀን ወጥታ ምች መቷት ነው። በርጫ ቤት ገብታ ጭሱን ስባ ነው። ከባድ አንስታ ነው። ምክንያት ካልተነገረ ሰው ምክንያት ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም ሁልጊዜ በሴቷ ላይ ነው። የአንተም ሚስት ነገ ይሄው ነው የሚጠብቃት።

ሁለተኛውን ሐረር ከገባን በኋላ አረገዝኩ፣ እሱም ሞቶ ተወለደ። ናሙና የፈቀድኩት ያኔ ነው። ውጤቱን ሊነግሩን ሲጠሩን ሐኪሙ ቸኩሎ አልነበረም፤ ወረቀት ላይ የጀርባ አጥንት ስሎ አሳየን። ልጁ ስፓይና ቢፊዳ የሚሉት ነበረው፣ ጀርባው ከታች ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ጭንቅላቱም ውሃ ቋጥሮ። አማቴ ስታጥበው ጀርባው ላይ ያለውን እባጭ አይታው ነበር፣ ለኔ ግን አልነገረችኝም። ናሙናው የጨመረው በሳንባውም በደሙም ውስጥ ኢንፌክሽን አለመገኘቱን ነው። ሐኪሙ አማቴን እያየ «ምችም፣ ሸክምም አይደለም፤ እሷ ያጠፋችው ነገር የለም» አለ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ገንዘብ አይገዛትም።

ከዚያ «ከዚህ በፊት የጠፋ ልጅ ነበር ወይ፣ ምን ተብሎ ተጻፈ?» ሲለኝ ካርዴን ላመጣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ ድሬ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ሞቶ የተወለደ ካርድ የለውም።» የራሴን ካርድ ነው አልኳት። «ለሞተ ልጅ አሁን ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ፣ ሰልፍ በሞላበት። ነገ ነይ፣ ኃላፊው የሉም፣ ደብዳቤ አምጪ። ደብዳቤም አመጣሁ። በመጨረሻ የማዋለጃ ክፍሉን መዝገብ የገለጠችልኝ አንዲት አዋላጅ ናት፤ አላህ ይስጣት። ስሜን አገኘችው። ከስሜ ትይዩ፣ አስተያየት በሚለው ዓምድ ሥር፣ በእስክሪብቶ «ጀርባ ላይ እባጭ» ተብሎ ተጽፏል።

አይተውታል። ጽፈውታል። ለኔ አልነገሩኝም።

የተናደድኩት በሴትዮዋ ብልግና ብቻ አይደለም። ያንን ሦስት ቃል በጊዜው ነግረውኝ ቢሆን ሁለተኛውን ልጅ የማዳን ዕድል ነበረኝ። ምክንያቱን ልንገርህ፤ አንተንም ሊመለከትህ ይችላል። የፅንሱ ጀርባና ጭንቅላት የሚሠራበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙዋ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟንም አታውቅም። ክትትል ስንጀምር ጤና ጣቢያ የሚሰጡን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ለደማችን ጥሩ ነው፣ ለዚህኛው ግን ባቡሩ ሄዷል። ፎሊክ አሲዱ ከእርግዝናው በፊት ነው መጀመር ያለበት፤ ለማንኛዋም ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም። እንዲህ ዓይነት ልጅ አንዴ የወለደች ሴት ደግሞ የመደገም ዕድሏ ከሌላው ከፍ ያለ ስለሆነ ለእሷ አሥር እጥፍ፣ 4 ሚሊግራም ነው የሚባለው። ይሄ ትናንት የተገኘ አይደለም። በፈረንጅ 1991 የታተመ በሰባት አገር የተደረገ ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያጋጠማቸው እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ መደገሙ በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስቀብር ይሄ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ፋርማሲ ውስጥም ርካሽ ኪኒን ነው። ለኔ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ባለ 5 ሚሊግራሙን ነው፤ እናንተ ግን የራሳችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ፣ የልጃችሁ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላልና።

«የጥናት መሞከሪያ ያደርጉናል» ላለህ አጎትህም መልስ አለኝ። ሰዎቹ መንገደኛ አይደሉም። ዩኒቨርሲቲው ምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ላይ ቤት ለቤት ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያለ መመዝገብ የጀመረው በፈረንጅ 2007 ነው። አንተ የምትለው የናሙና ሥራ ቻምፕስ ይባላል፤ ከፈረንጅ 2015 ወዲህ የተቋቋመ ነው፣ እኛ አገር ቀርሳና ሐረር ላይ፣ ሌላው ኬንያ፣ ሞዛምቢክ፣ ባንግላዴሽና ሌሎችም አሉበት። እኛ ጋ በለንደን ያለ የሕክምና ትምህርት ቤትም አብሮ ይሠራል። እንደኛ ያሉ ወላጆች በመፍቀዳቸው የታወቀ ነገር አለ። ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ ከሚገመተው በላይ ብዙ ሕፃናትን እንደሚገድል የታየው በዚህ ሥራ ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ ስለሚተላለፍ እጅ መታጠብና የዕቃ ንጽሕና ቀልድ አለመሆኑን ያሳያል። የኔ ልጅ ዓይነት የነርቭ ቱቦ ችግርም ከሌሎቹ አገሮች ይልቅ እዚህ እኛ ጋ በዝቶ ነው የተገኘው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ሲያወጣ የራሴ ጉዳይ የተፈረመ ነው የመሰለኝ። ዱቄቱ እስከ ሰፈራችን ወፍጮ እስኪደርስ ግን እኔ ለሙሽሮች ሁሉ እናገራለሁ። እዚህ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ውስጥ ልጇን የምትድር እናት ካለች ከሒና በፊት ፎሊክ አሲድ እላታለሁ። አንዳንዷ ትቆጣለች፣ አብዛኛዋ ግን በኋላ በሰው ትልክብኛለች፣ «ያ ኪኒን ምን ነበር የሚባለው?» እያለች።

ሦስተኛዋ ልጄ ሴት ናት፤ ጀርባዋ ደህና ነው። ኪኒኑን ከማርገዜ ከወራት በፊት ነው የጀመርኩት፣ አልትራሳውንዱንም በየጊዜው ታይቻለሁ። ኪኒኑ ብቻ ነው ያዳናት አልልህም፤ ሁለተኛው ልጅ የሞተበትን ምክንያት ባላውቅ ግን ኪኒኑንም አልጀምረውም ነበር።

ውጤት ሲጠሯችሁ ሚስትህን ይዘህ ሂድ፣ አንተ ሰምተህ እንዳትነግራት። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ገደለው፣ ሊደገም ይችላል ወይ፣ ከሚቀጥለው በፊት ምን እናድርግ። የሚነግሯችሁን በጽሑፍ ስጡን በሉ፤ ነገ ሌላ ጤና ተቋም ስትሄዱ ከካርድ ክፍል ሴትዮ ጋር አትሟገቱም።

አንድ ለእኔ ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ አለ። ልጁ ባይኖርም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጡቷ ወተት ይሞላል፣ ያማል፣ ልቧንም ይሰብረዋል። አታልቡት፣ ባለቡት ቁጥር ይጨምራል፤ በጣም ካስጨነቃት ብቻ እስኪቀላት ጥቂት ታውጣ። ደገፍ የሚያደርግ የጡት መያዣ ትልበስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉላት። ትኩሳት ከመጣ፣ ጡቷ ከቀላ ወይም ደሟ ከበዛ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መልሳት፤ «የአራስ ቤት ነው ያልፋል» የሚልህን አትስማ። አሁን ስልኩን ዝጋና ሚስትህ ጋ ግባ።